«ስንት ኩንታል ይይዛል?» — ስለ መጋዘን ደህንነትና ሕግ ኮምቦልቻ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ የተቀመጣችሁት የመጋዘን ኃላፊዎች፣ ንብረት ያዦች፣ የፎርክሊፍት ሹፌሮች፣ የጫኝና አውራጅ ተወካዮችና ጥቂት ባለመጋዘኖች ናችሁ። የተጠራሁት ስለ ሕግና ደህንነት እንድናገር ቢሆንም ከአዋጅ ቁጥር አልጀምርም። የምጀምረው መጋዘን ለኪራይ ሲቀርብ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ከሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «ስንት ኩንታል ይይዛል?»

20 በ40 ሜትር የሆነ መጋዘን እንውሰድ። የግድግዳው ከፍታ 5 ሜትር ነው። አከራዩ 800 ካሬውን በ5 ሜትር ያባዛና 4,000 ሜትር ኩብ ያገኛል። በጆንያ የተደረደረ እህል በአንድ ሜትር ኩብ 7 ኩንታል ግድም ስለሚሄድ «28 ሺህ ኩንታል ይይዛል» ይላል። ውሉም ኪራዩም በዚህ ቁጥር ይታሰራል።

አሁን እኛ እንቁጠር። ከአራቱም ግድግዳ 1 ሜትር እንተው፤ 18 በ38 ቀረ። ከበር እስከ በር በርዝመቱ 3 ሜትር ዋና መተላለፊያ እንተው፤ በግራና በቀኝ ሰባት ሜትር ተኩል ቀረ። በየጎኑ አራት አራት ድርድር እናድርግና በድርድሮቹ መካከል አንድ አንድ ሜትር እንተው፤ ከ38ቱ 35 ሜትር ቀረ። 7.5 በ35፣ ሁለት ጊዜ፣ 525 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከጠቅላላው ወለል ሁለት ሦስተኛ ግድም ማለት ነው። ቁመቱን 3 ሜትር ላይ እናቁም። 1,575 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ እሱም 11 ሺህ ኩንታል።

በ28 ሺህ እና በ11 ሺህ መካከል 17 ሺህ ኩንታል አለ። መኸር ሲገባና መኪና በር ላይ ሲሰለፍ ያ ትርፍ የሆነ ቦታ መግባቱ አይቀርም። መተላለፊያው ላይ ይገባል፣ ከግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ የኋላውን በር ይዘጋል፣ የእሳት ማጥፊያውን ይሸፍናል፣ የኤሌክትሪክ ቦርዱን ይጋርዳል። ተቆጣጣሪ መጥቶ አምስት ጥፋት ጻፈብኝ የሚል ባለመጋዘን አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋው አንድ ጥፋት ነው፤ መጀመሪያ ቀን ላይ ያሰላት ስሌት። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው በአብዛኛው ስለዚያ ባዶ ስለሚመስለው ቦታ ነው።

ከግድግዳ አንድ ሜትር ለምን?

ሰው ዞሮ እንዲያይ፣ አይጥና ነቀዝ እንዲታይ፣ ዝናብ በግድግዳ ከሰረገ ጆንያውን ሳይነካ እንዲታወቅ፣ ለጭስ መድኃኒት ሸራ ሲለብስ ጫፉ መሬት ላይ እንዲያርፍ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ የማይነገረው ሌላ ምክንያት አለ፤ የብሎኬት ግድግዳችን ወደ ጎን የሚገፋን ነገር ለመሸከም አልተሠራም። በኮሎን (በምሰሶ) መካከል የተሞላ ክፍት ብሎኬት ራሱን ይዞ ይቆማል እንጂ የተደገፈበትን ክምር አይመልስም። ጆንያ በግድግዳ ተደግፎ ሲቆለል ከታች ያለው በክብደት እየተጨፈለቀ ይሰፋል፣ ክምሩም ቀስ በቀስ ወደ ደካማው ጎን ይሄዳል። መጀመሪያ የሚታየው በልስን ላይ የሚወጣ አግድም ስንጥቅ ነው። ግድግዳችሁ በአንድ ሜትር ወይም በአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ አግድም ከተሰነጠቀ ቀለም አትቀቡት። ክምሩን ከላይ ጀምራችሁ አውርዱ፤ በውጭ በኩል በዚያ ግድግዳ ሥር ሰው እንዳይቀመጥ አድርጉ።

ከላይ ከጣሪያው ብረት ወይም እንጨት 1 ሜትር ይተዋል። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከኅዳር እስከ ጥር፣ በተለይ ደሴ ላይ፣ ቀን የሞቀው እርጥብ አየር ሌሊት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። ባለመጋዘኑ «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ሚስማር ያስመታል፤ ሚስማሩ ደግሞ ሐምሌ ላይ እውነተኛውን ፍሳሽ ይዞ ይመጣል። መፍትሔው ከጣሪያው ሥር ከሁለቱም ጫፍ አየር የሚወጣበት፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ነው። ክምሩ ከጣሪያው ከተጠጋ ግን አየሩ የሚዞርበት ቦታ የለም፣ አምፖሉም ከጆንያ ጋር ይገናኛል። ከአምፖል እስከ ዕቃ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይኑር፤ አምፖሎቹም ከመተላለፊያው በላይ እንጂ ከክምሩ በላይ አይሰቀሉ።

ከታች ፓሌት ይኑር። ሲሚንቶ ወለል ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ እርጥበት ይስባል። ፓሌት ከሌለ ጠርብ እንጨት ላይ ሳንቃ ረብርቡ፤ ከወለሉ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ ይበቃል። ፓሌቱ የወጣ ሚስማር እንዳይኖረው እዩ፤ አንድ ሚስማር አንድ ጆንያ ይቀድዳል፣ አንድ የተቀደደ ጆንያ ደግሞ የላዩን ክምር ያዘነብላል።

ስለ አደራደር አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የፕላስቲክ ጆንያ እንደ ቃጫ ጆንያ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ ይንሸራተታል። 3 ሜትር ያልነውም ለዚህ ነው። በየረድፉ ሦስት በቁም ሁለት በአግድም እያደረጋችሁ፣ የሚቀጥለውን ረድፍ አዙራችሁ አያይዙት። አፉ የተሰፋበት ጎን ወደ ውስጥ ይሁን። ጭነት ስታወጡም ከላይ በደረጃ ውረዱ። ከፊት ለፊት ከታች እየመዘዙ ማውጣት ክምር እንዲናድ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ነው፤ ክምር የሚናደውም ጆንያውን የሚመዘው ሰው ፊቱን ወደ እሱ ባዞረበት ሰዓት ነው።

ፎቅ ላይ ያለ መጋዘን

ይህ ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴን ይመለከታል። ቦታው ጠባብ፣ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ብዙ ነጋዴ የሕንፃውን አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ዕቃ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። 50 ኪሎ ጆንያ ሲጋደም ግማሽ ካሬ ሜትር ግድም ይይዛል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ጆንያ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ነው። መኖሪያ ቤት ተብሎ የተነደፈ ወለል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግድም፣ ቢሮ ከ200 እስከ 300 ኪሎ፣ ዕቃ ማከማቻ ተብሎ የተነደፈ ደግሞ 750 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ታስቦ ነው የሚሠራው። እንግዲህ ለመኖሪያ በተሠራ ወለል ላይ ሁለት ረድፍ ስታደርጉ ጨርሳችኋል ማለት ነው። ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ የተቆለለ እህል በካሬ ሜትር ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ከታሰበለት አሥር እጥፍ።

«እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» የሚል ይኖራል። ሲሚንቶ ወለል ወዲያው አይሰበርም፤ መሃሉ ይረግባል፣ ከታች ያለው ልስን ይሰነጠቃል፣ ከታች ያለው ተከራይ በሩ አልዘጋ ይለዋል። እነዚህ ሦስቱ አብረው ከታዩ ጭነቱን ከመሃል ወደ ኮሎኖቹ ዙሪያ አታዛውሩ፤ አውርዱ። የሕንፃውን የስትራክቸር ንድፍ ከባለሕንፃው ወይም ፈቃድ ከሰጠው ቢሮ ጠይቁ። የተፈቀደውን ጭነትም በኪሎ ሳይሆን በረድፍ ቁጥር ግድግዳው ላይ ጻፉት። ጫኝ ካሬ ሜትር አይለካም፤ ረድፍ ግን ይቆጥራል።

የምንኖርበት ምድርም ዝም ያለ አይደለም። የቦርከና ሸለቆ ከአፋር ዝቅታ ዳር ያለ ስምጥ ነው። ከእኛ ወደ ደቡብ በዚሁ ሸለቆ በ1953 የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳልነበረ አድርጓት ነበር። ለመጋዘን የሚኖረው ትርጉም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሬክ (የብረት የዕቃ መደርደሪያ) ካላችሁ እያንዳንዱ እግር በቦልት ከወለሉ ጋር ይታሰር፣ እያንዳንዱ አግድም ብረትም የደህንነት ፒኑ ይግባለት። ፒኑ ጥፍር የምታህል ብረት ናት፤ ፎርክሊፍት ከሥር ሲያነሳው አግድሙ እንዳይወልቅ የምትይዘው እሷ ናት፤ በጎደለችበት ሚስማር መተካት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይቀመጥ።

ሬክ እና ፎርክሊፍት

የሬክ እግር በፎርክሊፍት ሲገጭ ብዙ ጊዜ ማንም አይናገርም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ሰው 1 ሜትር ቀጥ ያለ ብረት ይዞ ይዙር። ብረቱን በተጎዳው እግር ላይ፣ የጉዳቱን መሃል ይዞ፣ ያስደግፍና ክፍተቱን ይለካ። እግሩ ወደ አግድም ብረቶቹ አቅጣጫ ከታጠፈ እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ሬኩ ጥልቀት አቅጣጫ ከታጠፈ እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ሰያፍ ማያያዣዎቹ ላይ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። ከዚያ ካለፈ፣ እስከ መጠኑ ሁለት እጥፍ ድረስ ሬኩ ሲራገፍ እንደገና አይጫንም፤ ከሁለት እጥፍ ካለፈ በዚያው ሰዓት ይራገፋል። መጠኑ አውሮፓውያን ለሬክ ምርመራ የሚጠቀሙበት ነው፤ ሬኮቹም በአብዛኛው በዚያ ወይም በተመሳሳይ ስሌት ተሠርተው ስለሚመጡ ይሠራል። የታጠፈን እግር ሞቅ አድርጎ በመዶሻ ማቃናትና መበየድ ግን የብረቱን ጉልበት ይገድለዋል፤ የሚደረገው መቀየር ነው።

ፎርክሊፍት ላይ ደግሞ ሰሌዳውን አንብቡ። «2.5 ቶን» የሚለው ቁጥር የጭነቱ መሃል ከሹካው ሥር 50 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ነው። ጭነቱ ረዝሞ መሃሉ 70 ሴንቲ ሜትር ከራቀ አቅሙ ወደ 2.1 ቶን ግድም ይወርዳል፤ ማስቱ (ሹካው የሚወጣበት ምሰሶ) ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። የኋላ ጎማው ቀለል ሲል ሁለት ሰው ከኋላ ቁሙበት የሚባለው ነገር በብዙ ግቢ ይታያል። ማሽኑ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚወረወሩት እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

የቀረውን በአጭሩ። ሲሄድ ሹካው ከመሬት 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጭኖ ዳገት ሲወጣ ወደፊት፣ ሲወርድ ወደኋላ ይንዳ፤ ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ ይዙር። ቀበቶ ይታሰር፣ ቢያዘነብል አይዘለል፤ መሪውን ጨብጦ ከሚወድቅበት ጎን በተቃራኒ መደገፍ ነው፣ ምክንያቱም የሚዘል ሰው የሚያርፈው የማሽኑ ጣሪያ ብረት ሥር ነው። በሹካ ላይ ሰው አይነሳም። ቤንዚን ወይም ጋዝ የሚጠቀም ማሽን በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል፤ ሽታ የለውም፣ ሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ ማለት ከጀመሩ በሩ ይከፈት።

መኪናውንም አትርሱ። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ የመጣ ተሳቢ ፍሬኑ ግሎ ነው የሚደርሰው። ፍሬን ሲቀዘቅዝ አያያዙ ሊለወጥ ይችላል፤ ፎርክሊፍቱ ገብቶ ሲወጣ ደግሞ በየጊዜው ይገፋዋል። ታኮ ሳይገባ የመኪና በር አይከፈት። ድንጋይ አይደለም፣ ታኮ፤ ድንጋይ ከጎማ ሥር ይፈናጠራል። ቁልፉ ደግሞ ጭነቱ እስኪያልቅ በመጋዘኑ ኃላፊ እጅ ይሁን፤ ሹፌሩ «አልቋል» ብሎ የሚነሳው ሹካው ገና የመኪናው ጭነት ማስቀመጫ ውስጥ እያለ ነው።

የኋላው በር

ባዶ ቦታ ላይ ከሚነሡት ጠቦች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ሰው በሚሠራበት መጋዘን ቢያንስ ሁለት፣ እርስ በርስ የተራራቁ፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ መውጫዎች ያስፈልጋሉ። በንድፉ ላይ ሁለተኛው በር አለ። በግቢው ውስጥ ግን ከውጭ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፣ ከውስጥ ደግሞ ፓሌት ተደርድሮበታል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን፦ ሌባ። የባለንብረቱን ስጋት ማጣጣል አልፈልግም፤ ንብረት ጎድሎበት ከደሞዙ የተቆረጠ ንብረት ያዥ በሩን ክፍት ተው ስትለው አይሰማህም።

ስለዚህ ሌባን የሚከለክል ግን ሰውን የማያስቀር አዘጋግ ያስፈልጋል። በሩ ከውጭ መያዣ የሌለው ይሁን። ከውስጥ በአንድ እጅ፣ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ወይም የሚገፋ አግድም ብረት ይግባለት። መቀርቀሪያው ላይ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ «ሲል» (ማሸጊያ) እሰሩ፤ ኮንቴነር ላይ የምታውቁት ዓይነት፣ በእጅ ሲጎተት የሚበጠሰው። ተረኛው ጠዋትና ማታ የሲሉን ቁጥር ይመዘግባል። በሩ ከተከፈተ ሲሉ ይናገራል። በዚህ መንገድ የጠፋ ዕቃ ተጠያቂው ይታወቃል፣ እሳት ሲነሳም ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ሄዷል አይባልም። በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ያለ የቦንድ መጋዘን ከሆነ ይህን ብቻችሁን አታድርጉ፤ ከጉምሩክ ቅርንጫፉ ጋር በጽሑፍ ተስማሙበት፣ ምክንያቱም ሲል መበጠስ እዚያ ሌላ ትርጉም አለው።

እሳት

የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ከየትኛውም ሰው የሥራ ቦታ በ23 ሜትር ጉዞ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ነዳጅና ቀለም ባለበት በ15 ሜትር። ጉዞ ማለት በመተላለፊያ የሚኬደው ነው፤ ክምር ላይ በቀጥታ የሚለካው አይደለም። እጀታው ከወለሉ ከ1.5 ሜትር አይበልጥ። ከሥሩ ወለሉ ላይ ቀይ ሳጥን ቀቡና «ምንም አይቀመጥ» ብላችሁ ጻፉበት። በወር አንዴ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን፣ ፒኑና ሲሉ አለመነካቱን፣ ቱቦው በአይጥ አለመበላቱን አይታችሁ ካርዱ ላይ ፈርሙ፤ በዓመት አንዴ ባለሙያ ይፈትሸው።

6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ተከፍቶ 20 ሰከንድ እንኳ ላይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ለጀማሪ እሳት ነው። በሩን ከኋላ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ፒኑን ንቀሉ፣ አፈሙዙን ከነበልባሉ ሥር አነጣጥሩ፣ ተጫኑ፣ ግራና ቀኝ ጥረጉ። አንድ ሲሊንደር ጨርሳችሁ ካልጠፋ ውጡ።

ጥጥ ግን ሌላ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ባለበት በኮምቦልቻ ይህ ለብቻው ሊነገር ይገባል። የጥጥ ባሌ (ተጠቅጥቆ የታሰረ ጥቅል) ላይ የተነሳ እሳት በዱቄት ነበልባሉ ይጠፋል፤ ውስጡ ግን እንደ ፍም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዱቄት አይሰርግም፣ አያቀዘቅዝም። ሰዓታት ወይም ቀናት ቆይቶ እንደገና ይነሳል፤ ያኔ ዘበኛ ብቻ ነው ያለው። እሳት የነካው ባሌ በሙሉ ከመጋዘን ወጥቶ ከሌላው ተለይቶ ውጭ ይቀመጣል፣ ማሰሪያው ተቆርጦ ይገለጣል፣ ውስጡ ድረስ በውሃ ይነከራል፣ ቀናት ይጠበቃል። ውጭ የሚቀመጥበት ቦታም ከአሁኑ ይዘጋጅ፤ ግቢው በመኪና ተሞልቶ ከሆነ የት ትወስዱታላችሁ?

ስለ ኤሌክትሪክ ሦስት ነገር። ብሬከር እየወረደ ካስቸገረ በትልቁ አይተካም፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ትልቁን ብታስገቡ ሽቦው ራሱ ፊዩዝ ይሆናል። ከቦርዱ ፊት 1 ሜትር ባዶ ይተው። ማታ ሲዘጋ የጥበቃ መብራት ብቻ በራሱ መስመር ይቅርና ዋናው ይጥፋ።

ኬሚካል

አንድ በርሜል በቅርበት እንመልከት። ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት፣ ማቅለሚያ ክፍል «ሃይድሮስ» የሚሉት ነጭ ዱቄት፣ በ50 ኪሎ ቆርቆሮ በርሜል ይመጣል። ሐምሌ ላይ ከአሸንዳው የተረፈ ጥቂት ውሃ በተከፈተ ክዳን ገባ እንበል። ዱቄቱ ከጥቂት ውሃ ጋር ሲገናኝ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ራሱን እየመገበ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። የሚወጣው ጭስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው፣ ጉሮሮ ይዘጋል። እዚህ ላይ ሰው የሚያደርገው ስሕተት ሁለት ነው። አንዱ አንድ ባልዲ ውሃ መድፋት፤ ይህ ያባብሰዋል። ሌላው በአሸዋ ወይም በሸራ ማፈን፤ ይህም አይሠራም፣ ምክንያቱም ለመቃጠል ከውጭ አየር አይፈልግም። የሚያቆመው ከርቀት፣ በቧንቧ፣ በብዛት የሚፈስ ውሃ ብቻ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በር ላይ ሲደርሱ «ውስጥ ሃይድሮስ አለ» የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ የኬሚካሎቹ ዝርዝርና መጠን በመጋዘኑ ውስጥ ሳይሆን በዘበኛው ቤት ይቀመጥ።

ማስቀመጫው ደረቅ፣ ከፍ ያለ፣ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ከበረኪና የራቀ ይሁን። አሲድና በረኪናም አይጎራበቱ፤ ሁለቱ ፈስሰው ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ፈሳሽ ኬሚካል ዙሪያውን በግንብ በታጠረ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ግንቡም የትልቁን በርሜል 110 በመቶ እንዲይዝ ይሠራ። ከዚያ የሚወጣ ቦይ ቦርከና ወንዝ የሚደርስ ከሆነ ጉዳዩ የአካባቢ ጥበቃም ይሆናል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ 1090/2010 የሚመጡት እዚህ ላይ ነው።

ለነቀዝ የሚደረገው የጭስ መድኃኒት፣ ፎስፊን የሚባለው ጋዝ፣ ሌላው ነው። እያንዳንዱ 3 ግራም ክኒን 1 ግራም ጋዝ ይሰጣል፣ የአየሩ እርጥበት ይበቃዋል። በሥራ ቦታ የሚፈቀደው ከሚሊዮን 0.3 እጅ ብቻ ነው። «ነጭ ሽንኩርት ካልሸተተኝ ችግር የለም» ማለት አይቻልም፤ ሽታው ሳይኖር ጋዙ ሊኖር ይችላል፣ የሚታመነው መለኪያ መሣሪያ ነው። ክኒኑ አይከመር፣ ውሃ አይንካው፤ ጋዙ ሲጠራቀም ራሱ ይቀጣጠላል። የሚሸፈንበት ቀን በሙቀት ይወሰናል፤ በቀዘቀዘ ቁጥር ይረዝማል፣ ስለዚህ የኮምቦልቻን ቀን ለደሴ መገልበጥ ነቀዙን ሳይገድል መድኃኒቱን ማባከን ነው። ከሁሉ በላይ ግን ግድግዳ ተጋርቶ የሚተኛውን ዘበኛ አስታውሱ። ጋዙ በስንጥቅና በጣሪያ ክፍተት ያልፋል። ሸራው ከለበሰበት ቀን ጀምሮ ተለክቶ ንጹሕ እስኪባል ድረስ ዘበኛው ሌላ ቦታ ይደር። ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ፀረ ተባይ የሚገዛው በአዋጅ 674/2002 ነው።

ሰውና ወረቀት

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፣ አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪውን ግዴታ ያስገባዋል፦ ሠራተኛው ስለ አደጋው ይነገረው፣ መከላከያ ይሰጠው፣ የደህንነት ኃላፊ ይመደብ፣ ኮሚቴ ይቋቋም፣ አደጋ ይመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይነገር። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው በቀር። ጊዜያዊ ጉዳት ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳያሳውቅ መግባት ይችላል።

ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶችን በተመለከተ ሕጉ መጋዘንን በስም ጠርቶታል፤ በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መጎተትና መግፋት ለእነሱ የተከለከለ ነው። ጭነት በበዛበት ቀን ከጫኞቹ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ልጅ ግን በወረቀት ላይ የለም። በር ላይ ስም ከመታወቂያ ጋር ይመዝገብ።

ስለ ጫኝና አውራጅ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፦ ማኅበር ከሆኑ ማን ነው አሠሪው? መልሱ በውላችሁ ይወሰናል፤ ውል ከሌላችሁ ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ የምትጽፉት አይሆንም። ጓንትና ጫማ ማን ያቀርባል፣ ሐኪም ቤት ማን ይወስዳል፣ ኢንሹራንሱ በማን ስም ነው፤ ሦስቱን ጻፉ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ምክር አንድ አዋቂ ወንድ በእጁ የሚሸከመው 55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። መቶ ኪሎ ጆንያ በአንድ ጀርባ የሚወጣበት ግቢ ዛሬም አለ። ሸቀጡን ከገዥው ስትዋዋሉ «በ50 ኪሎ» የሚለውን ቃል አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ በር ላይ መከራከር አይኖርም። ማታ የገባ መኪና ይራገፍ ሲባልም የትርፍ ሰዓት ጣሪያ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት መሆኑን ቁጠሩ። የደከመ ሰው የሚስተው ጠዋት ላይ ሊስት የማይችለውን ነው።

ወረቀቱ ብዙ መሆን የለበትም። ሞዴል 19 እና 22 (የንብረት መቀበያና ማውጫ ሰነዶቹ)፣ ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት)፣ የንግድ ፈቃዱና ምግብ ወይም መድኃኒት ከሆነ የዘርፉ ፈቃድ አስቀድሞ አላችሁ። የምትጨምሩት አንድ መዝገብ ነው፤ የሲል ቁጥር፣ የእሳት ማጥፊያ ወርኃዊ ፊርማ፣ የሬክ ልኬት፣ የጭስ መድኃኒት የገባበትና ተለክቶ የተከፈተበት ሰዓት፣ አደጋና «ለጥቂት ተረፍን» የተባለ ሁሉ። ይህን የመጨረሻውን ሰው መጻፍ አይወድም፣ ያስቀጣኛል ብሎ ይፈራል። ጻፈ ተብሎ ማንም እንደማይቀጣ ኃላፊው በጽሑፍ ይለጥፍ፤ ያለዚያ ገጹ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ወሩን ሙሉ ሳይነካ ቆይቶ በመጨረሻ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ሠላሳ ቀን የተሞላ መዝገብ ደግሞ ተቆጣጣሪ ከሩቅ ያውቀዋል።

ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቢጫ ቀለምና ሜትር ይዛችሁ ግቡ። የአንድ ሜትሩን መስመር ከግድግዳው፣ የሦስት ሜትሩን መሃል ላይ፣ ቀይ ሳጥኖቹን ከማጥፊያዎቹ ሥር፣ ከኋላው በር ፊት ደግሞ በሩ የሚከፈትበትን ያህል ቅቡ። አሁን ያለው ዕቃ መስመሩን ካለፈ ሁሉንም በአንድ ቀን ማንሳት ስለማይቻል ከኋላው በር ጀምሩ፣ ከዚያ ቦርዱ፣ ከዚያ መተላለፊያው፣ ግድግዳው መጨረሻ። አሸንዳውን ሰኔ ሳይገባ ጥረጉ። ኪራዩ የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ ያለውን የኩንታል ቁጥር እንደገና አስሉ።

ጥያቄ እቀበላለሁ። የመጋዘናችሁን ርዝመትና ስፋት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ስሌቱን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንሠራዋለን፤ ፎቅ ላይ ያላችሁ ቅድሚያ ያዙ።